የአገልግሎት ድንበር፦ ትልልቅ የሶፍትዌር ሥርዓቶች ለምን ይከፋፈላሉ፣ ለምንስ ተመልሰው ይሰበሰባሉ

ፕራይም ቪዲዮ የተባለው የአማዞን ኩባንያ የቪዲዮ ሥርጭት ክፍል በማርች 2023 ያወጣው አንድ አጭር ቴክኒካዊ ጽሑፍ በሶፍትዌር ባለሙያዎች ዘንድ ረጅም ክርክር አስነሣ። ጽሑፉ የሥርጭቱን የምስልና የድምፅ ጥራት የሚከታተል አንድ ቡድን፣ ቀደም ሲል ተነጣጥለው በሚሠሩና በኔትወርክ በሚነጋገሩ ክፍሎች ገንብቶት የነበረውን የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ወደ አንድ ወጥ ፕሮግራም መልሶ እንደሰበሰበውና በዚህም የመሠረተ ልማት ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ የሚያስረዳ ነበር (በዚህ ትንታኔ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክርክሩን ያጋጋለው ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የተናጋሪው ማንነት ነው፤ ትልልቅ ሥርዓቶችን በአገልግሎት ከፋፍሎ የመሥራትን ልማድ ለዓለም በማስተማር ረገድ አማዞንን የሚስተካከል ኩባንያ ብዙም የለምና፣ ከዚያው ቤት እንዲህ ያለ ቃል መውጣቱ ለብዙዎች ያለፉት ዓመታት አካሄድ በሙሉ ስሕተት እንደነበር የተሰጠ ምስክርነት መሰለ።

ይህ ድምዳሜ ችኩል ነው። ለምን ችኩል እንደሆነ ለማስረዳት ግን ጥቂት ቃላትን ከወዲሁ ማብራራት ያስፈልጋል። የድርጅት ሶፍትዌር የሚባለው ባንክ ሒሳብን፣ አየር መንገድ መቀመጫን፣ ሆስፒታል የሕሙማንን መዝገብ፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የግብር ከፋዩን ፋይል የሚያስተዳድርበት፣ ብዙ የሥራ ክፍሎች በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትና ለዓመታት የሚያገለግል ሥርዓት ነው። አርክቴክቸር ደግሞ የዚህ ሥርዓት ክፍሎች እነማን እንደሆኑ፣ የትኛው ክፍል የትኛውን መረጃ እንደሚይዝና በምን ውል እንደሚነጋገሩ የሚወስኑ፣ አንዴ ከጸደቁ በኋላ ለመለወጥ እጅግ የሚከብዱ ውሳኔዎች ድምር ነው። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ተጠቃልለው አብረው የሚጫኑበት፣ አብረው የሚነሡበትና አብረው የሚወድቁበት አሠራር «ሞኖሊት» ይባላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ ሲሠራና ሌሎቹ በኔትወርክ በኩል በታወቀ ውል ብቻ ሲጠይቁት ክፍሉ «አገልግሎት»፣ አወቃቀሩም «አገልግሎት-ተኮር» ይባላል።

ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ኢንዱስትሪው ወደዚህ አወቃቀር በተለያየ ስም ደጋግሞ ተጉዟል፤ ደጋግሞም ተማርሮ ተመልሷል። ይህ ትንታኔ የሚከራከረው ምልልሱን የፈጠረው አንድ የማይለወጥ ግድፈት ነው በማለት ነው፤ ይኸውም አገልግሎት በመሠረቱ የመረጃ ባለቤትነትና የኃላፊነት ድንበር ሆኖ ሳለ፣ በየዘመኑ እንደ መገናኛ ቴክኖሎጂ፣ ማለትም እንደ መልእክት ማስተላለፊያ ቱቦ፣ እየታየ መገዛቱና መሸጡ ነው። ድንበሩን አስቀድመው የወሰኑ ቴክኖሎጂው ሲለዋወጥ አልተናወጡም፤ ቴክኖሎጂውን አስቀድመው የገዙ ግን ድንበሩን ሳያገኙ ቀርተዋል።

የድንበሩ ጥያቄ ከኢንተርኔት መስፋፋት ይቀድማል። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የድርጅቱን የራሱን የመገናኛ መዋቅር መምሰሉ እንደማይቀር አስረዳ፤ ሦስት ቡድን የሚሠራው ሥርዓት ሦስት ክፍል ይኖረዋል፣ የማይነጋገሩ ቡድኖች የሚሠሯቸው ክፍሎችም እርስ በርስ ለመግባባት ይቸገራሉ ማለት ነው። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 የጻፈው ደግሞ አንድን ፕሮግራም በምን መስፈርት መከፋፈል እንደሚገባ ነበር። ያኔ የተለመደው መንገድ የሥራውን ቅደም ተከተል ተከትሎ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መደርደር፣ በመጨረሻ ማተም እያሉ መቁረጥ ሲሆን፣ ፓርናስ ይህን ነቅፎ እያንዳንዱ ክፍል ነገ ሊለወጥ የሚችልን አንድ ውሳኔ ከሌሎች ደብቆ እንዲይዝ መከረ፤ ለምሳሌ መረጃው በምን መልክ እንደተቀመጠ የሚያውቀው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ አቀማመጡ ሲለወጥ የሚነካው ያው አንድ ክፍል ነው። ዛሬ ስለ አገልግሎት ከሚነገረው ውስጥ ቁም ነገር የሆነው አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚገርመው ከዚያ ወዲህ የመጣው ገበያ ሁለቱንም እየዘነጋ መሄዱ ነው።

ቱቦው የተገዛበት ዘመን

«አገልግሎት-ተኮር አርክቴክቸር» የሚለውን ስያሜ ጋርትነር የተባለው የማማከር ኩባንያ ተንታኞች ሮይ ሹልቲና የፊም ናቲስ በ1996 አስተዋወቁት። ቀደም ብሎ በ1991 ኮርባ የተባለው ስምምነት በተለያየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ክፍሎች በኔትወርክ እንዲጠራሩ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ከ2000 ጀምሮ ግን ሶፕ፣ ደብሊውኤስዲኤልና ዩዲዲአይ የተባሉ ስምምነቶች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው መልእክት እንዴት እንደሚታሸግ፣ ሁለተኛው አንድ አገልግሎት ምን መጠየቅ እንደሚቻል እንዴት እንደሚገልጽ፣ ሦስተኛው አገልግሎቶች በሕዝብ ማውጫ ተመዝግበው እንዴት እንደሚፈለጉ የሚደነግጉ ነበሩ። የታሰበው አንድ ኩባንያ የሚፈልገውን አገልግሎት ከማውጫው አግኝቶ፣ ውሉን በኮምፒውተር አንብቦ፣ ያለ ብዙ ድካም እንዲገናኝ ነበር። ይሁንና ማንም ድርጅት የማያውቀውን ድርጅት ሥርዓት ከማውጫ መርጦ ከራሱ የገንዘብ ሥርዓት ጋር ሊያገናኝ አልደፈረም፤ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ በጋራ ያስተዳድሯቸው የነበሩት የሕዝብ ማውጫዎችም በ2006 ተዘጉ።

በየድርጅቱ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ዋጋ አስከፍሏል። የሶፍትዌር ሻጮች «የድርጅት ሰርቪስ ባስ» ወይም በምሕጻሩ ኢኤስቢ የሚባል ማዕከላዊ አገናኝ ይዘው መጡ፤ ይህ መሣሪያ ከአንዱ ሥርዓት መልእክት ተቀብሎ፣ ቅርጹን ለውጦ፣ በተሰጠው ደንብ መሠረት ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ነው። በመርሕ ደረጃ ጥፋት የለበትም። በተግባር ግን የብድር ማጽደቂያ ደንብ፣ የዋጋ ስሌት፣ የደንበኛ ማጣሪያ መስፈርት ሳይቀር ቀስ በቀስ ከየባለቤቱ ሥርዓት ወጥቶ አገናኙ ውስጥ ተጠራቀመ፤ አገናኙን የሚያስተዳድረው ቡድን የብድሩንም የዋጋውንም ሥራ ስለማያውቅ እያንዳንዱን ለውጥ በወረፋ የሚያስተናግድ ማነቆ ሆነ። ከሥር ያሉት ሥርዓቶችም እንደ ቀድሞው አንድ የመረጃ ቋት፣ ማለትም ዳታቤዝ፣ ሲጋሩ ቀጠሉ፤ አንዱ ክፍል የሰንጠረዡን አንድ ዓምድ ሲለውጥ የሌላው ሪፖርት ይበላሽ ነበር። ገንዘቡ ወጥቷል፣ መሣሪያው ተተክሏል፣ መረጃው ግን ባለቤት አልነበረውም። በርተን ግሩፕ የተባለው የጥናት ተቋም ተንታኝ አን ቶማስ ሜንስ በጃንዋሪ 2009 «አገልግሎት-ተኮር አርክቴክቸር» የሚለው ስያሜ መሞቱን፣ የአገልግሎት ሐሳብ ግን መኖር እንዳለበት ስትጽፍ፣ ብዙዎች የጽሑፉን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይዘው መሄዳቸው የሚያሳዝን ነው።

አማዞን ያደረገው

በዚያው ዘመን አማዞን የሄደበት መንገድ የተለየ ነበር። ኩባንያው ሥራውን የጀመረው ኦቢዶስ በተባለ አንድ ትልቅ ፕሮግራምና ከጀርባው ባሉ የጋራ ዳታቤዞች ነበር። በ1998 በኩባንያው ውስጥ የተጻፈና ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊው ቨርነር ቮግልስ በ2022 ለሕዝብ ይፋ ያደረገው ሰነድ ችግሩን በግልጽ ያሳያል፤ ፕሮግራሞቹ ዳታቤዙን በቀጥታ እየከፈቱ ያነቡና ይጽፉ ስለነበር፣ የመረጃውን አቀማመጥ ለመለወጥ የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚያነቡትን ፕሮግራሞች በሙሉ አብሮ ለመለወጥ ይገደድ ነበር። ሰነዱ ያቀረበው መፍትሔ መረጃውን ከባለቤቱ አገልግሎት በስተጀርባ ማስቀመጥና ሌላው ሁሉ በውል በኩል እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ የፓርናስ ምክር በኩባንያ ልክ መሆኑ ነው።

ሐሳቡ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ ወደ ሥራ የገባው ትእዛዝ ሲሆን ነው። ስቲቭ የጊ የተባለው፣ ቀድሞ በአማዞን የሠራ መሐንዲስ፣ በ2011 በጻፈውና ሳያስበው ለሕዝብ በተለቀቀው ማስታወሻ እንደተረከው፣ ጄፍ ቤዞስ በ2002 ገደማ ቡድኖች ሁሉ መረጃቸውንና ተግባራቸውን በአገልግሎት በኩል ብቻ እንዲያቀርቡ፣ የሌላን ቡድን የመረጃ ቋት በቀጥታ ማንበብ እንዲቀርና ማንኛውም አገልግሎት አንድ ቀን ለውጭ ደንበኛ ሊከፈት እንደሚችል ተደርጎ እንዲነደፍ አዘዘ። ከትእዛዙ ነጥቦች መካከል ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው በየትኛው የመገናኛ ቴክኖሎጂ መጠቀም እንደሚገባ አለመደንገጉ ነው። ሌሎች ድርጅቶች ቱቦውን መርጠው ድንበሩን በተዉበት ሰዓት አማዞን ድንበሩን አጥብቆ ቱቦውን ለቡድኖቹ ተወው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛ ውሳኔ የሰው አደረጃጀት ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ለአንድ ትንሽ ቡድን ተሰጠ፤ ያ ቡድን ኮዱን ከመጻፍ አልፎ ሌሊት ሲበላሽ የሚጠራውም፣ ደንበኛ ሲያማርር የሚሰማውም ራሱ እንዲሆን ተደረገ። ቮግልስ በ2006 በሰጠው ቃለ ምልልስ የአማዞንን የፊት ገጽ ለማዘጋጀት ፕሮግራሙ ከ100 በላይ አገልግሎቶችን እንደሚጠራ ተናግሯል። ቁጥሩ ለአድማጭ አስደናቂ ነው፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ግን ከመቶዎቹ አገልግሎቶች እያንዳንዱ ባለቤቱ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት አማዞን የመረጃ ማከማቻና የኮምፒውተር ኪራይ አገልግሎቶቹን ለውጭ ገበያ ከፈተ፤ ሥርዓቶቹን በውል በኩል ብቻ መጠየቅን ውስጥ ለውስጥ ለምዶ የነበረ ኩባንያ ለውጭ ደንበኛ መክፈት አልከበደውም።

የመለያየት ዋጋ

ከኮንዌይ የድርጅት ሕግና ከፓርናስ የመደበቅ ምክር ቀጥሎ ሦስተኛው ጉዳይ ኔትወርኩ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ በቅርበት መመልከት ያስፈልጋል። አንድ ሰው 5,000 ብር ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ያስተላልፋል እንበል። ሁለቱም ሒሳቦች በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ካሉ፣ የመቀነሱና የመጨመሩ ሥራ «ትራንዛክሽን» በሚባል አንድ የማይከፈል ተግባር ይጠቃለላል፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ እንኳ ወይ ሁለቱም ተፈጽመዋል፣ ወይ ሁለቱም አልተፈጸሙም። ሒሳቦቹ በሁለት አገልግሎቶች ሲያዙ ይህ ዋስትና ይቀራል። የላኪው አገልግሎት ገንዘቡን ይቀንስና ለተቀባዩ አገልግሎት መልእክት ይሰዳል፤ ከዚያ 30 ሰከንድ ጠብቆ መልስ አይመጣም። በዚህች ቅጽበት የላኪው አገልግሎት ሊለያቸው የማይችላቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ፤ መልእክቱ ጭራሽ አልደረሰ ይሆናል፣ ደርሶ ሥራው በመካከል ተሰናክሎ ይሆናል፣ ወይም ሥራው በትክክል ተፈጽሞ የጠፋው መልሱ ብቻ ይሆናል። መልእክቱን ደግሞ ቢልክ በሦስተኛው ሁኔታ ተቀባዩ 10,000 ብር ያገኛል፤ ገንዘቡን ለላኪው ቢመልስ ደግሞ ያው 5,000 ብር በሁለት ሰው እጅ ይገኛል፤ ዝም ቢል፣ ተቀንሶ ያልደረሰ ገንዘብ ይዞ በደንበኞች አገልግሎት መስኮት ፊት የሚቆመው ደንበኛው ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጥረት ግን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ዝውውር ከመነሻው የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ አገልግሎት ያንን ቁጥር ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ይመዘግባል፤ በዚያው ቁጥር ሁለተኛ መልእክት ሲመጣ ገንዘብ ሳይጨምር የቀድሞውን መልስ ይደግማል፤ ላኪውም ያለ ስጋት ደጋግሞ መላክ ይችላል። ሥራው በመጨረሻ መፈጸም ካልቻለ ቀድሞ የተደረገውን የሚያካክስ ተቃራኒ ተግባር ይካሄዳል፤ ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊናና ኬኔት ሳሌም በ1987 «ሳጋ» ብለው የሰየሙት ዘዴ ይህን ነው። በቀኑ መጨረሻ ደግሞ የሁለቱ ወገን መዛግብት መመሳከር አለባቸው። አንድ ዳታቤዝ በነፃ ይሰጠው የነበረውን ዋስትና ለማግኘት እንግዲህ መለያ ቁጥር፣ ድጋሚ መላኪያ፣ ማካካሻና ማመሳከሪያ ተጨማሪ ሆነው መጻፍ፣ መፈተሽና መጠበቅ አለባቸው። የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲስ የነበረው ፒተር ዶይች በ1994 ገደማ የዘረዘራቸው የተሳሳቱ ግምቶች በቅድሚያ የሚጠቅሱት ኔትወርክ አስተማማኝ ነው የሚለውን ነው፤ ይህ ዝርዝር ዛሬም በየዲዛይን ግምገማው ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል።

የመገኘት ስሌቱም እንዲሁ ምሕረት የለውም። አንድ አገልግሎት ከጊዜው 99.9 በመቶ የሚሠራ ከሆነ በ30 ቀን ወር ውስጥ የሚቋረጠው 43 ደቂቃ ያህል ነው፤ አንድን ጥያቄ ለመመለስ እንዲህ ያሉ አሥር አገልግሎቶች ሁሉም መሥራት ካለባቸውና መቋረጣቸው እርስ በርስ ካልተያያዘ ግን ጥምሩ ወደ 99 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም በወር 7 ሰዓት ገደማ መቋረጥ ማለት ነው። ማንም ቡድን ሥራውን ሳያጓድል ደንበኛው የሚያየው ሥርዓት በአሥር እጥፍ ይደክማል።

ትንንሽ አገልግሎቶችና የተሳሳተ መኮረጅ

ኔትፍሊክስ በኦገስት 2008 ከባድ የዳታቤዝ ብልሽት ደርሶበት ለሦስት ቀን ዲቪዲ ለደንበኞቹ መላክ ሳይችል ቀረ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን በብዙ ትንንሽ አገልግሎቶች መልሶ እየገነባ ወደ አማዞን የኪራይ መሠረተ ልማት ማዛወር ጀመረ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር በማርች 2014 «ማይክሮሰርቪስ» የሚለውን ስያሜ ያስፋፋውን ጽሑፍ ሲያወጡ፣ ዶከርና ኩበርኔቲስ የተባሉት ፕሮግራሞችን አሽጎ የመጫኛና የማስተዳደሪያ መሣሪያዎች በዚያው ሰሞን ብቅ አሉ። መቶ አገልግሎት ማስነሣት በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ሥራ ሆነ።

እዚህ ላይ የቀድሞው ግድፈት በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ስምንት ፕሮግራመር ያለው ድርጅት ሠላሳ አገልግሎት መሥራት ጀመረ፤ የኔትፍሊክስን ውጤት እንጂ ኔትፍሊክስ የነበረውን የቡድን ብዛት፣ የቁጥጥር መሣሪያና የሰባት ዓመት ትዕግሥት አልኮረጀም። አንድ ሰው አምስት አገልግሎት ሲይዝ በአገልግሎቶቹ መካከል ያለው የኔትወርክ ድንበር የማንንም ኃላፊነት ከማንም አይለይም፤ ዋጋው ይከፈላል፣ ጥቅሙ ግን የለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አገልግሎቶቹ ተለያይተው አንድ ዳታቤዝ ሲጋሩ፣ ወይም የአንዱ አዲስ እትም ሌሎቹ አብረው ካልተለወጡ የማይጫን ሲሆን የሚፈጠረው ሁኔታ ነው፤ ባለሙያዎች «የተበተነ ሞኖሊት» ይሉታል። ይህ ሥርዓት የሁለቱንም ዓለም ችግር ይዟል፤ እንደ ሞኖሊት ተሳስሯል፣ እንደ አገልግሎት በኔትወርክ ይሰናከላል። ሴግመንት የተባለው የደንበኛ መረጃ ኩባንያ ከ140 በላይ የነበሩ ተመሳሳይ አገልግሎቶቹን ወደ አንድ መልሶ መሰብሰቡን በ2018 በይፋ ጽፏል፤ አገልግሎቶቹ የሚጋሯቸው የኮድ ክፍሎች በየቦታው የተለያየ እትም እየያዙ፣ አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ለማድረግ በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን መንካት አስፈልጎ ነበር። ፋውለር ራሱ በ2015 አዲስ ሥርዓት በሞኖሊት ቢጀመር እንደሚሻል መምከሩ ያኔ ብዙ ሰሚ ያገኘ አይመስልም።

የፕራይም ቪዲዮ ውሳኔ በትክክል የሚነበበው በዚህ ዳራ ላይ ነው። የቀድሞው መሣሪያ ከቪዲዮው ምስሎችን እያወጣ በጊዜያዊነት በኔትወርክ ማከማቻ ያስቀምጥ፣ ጉድለት የሚፈልጉት ክፍሎችም ከዚያ እያወረዱ ይመረምሩ ነበር፤ ሥራውን የሚያቀናጀው አገልግሎት ለእያንዳንዱ የሥርጭት ሰከንድ ብዙ ጊዜ ደረጃ ስለሚቀይርና ክፍያውም በደረጃ ለውጥ ብዛት ስለሆነ፣ መሣሪያው ከታሰበው ጭነት 5 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ ማደግ አልቻለም። ቡድኑ ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲያደርገው ምስሎቹ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ከክፍል ወደ ክፍል አለፉ። ብዙ ተከራካሪዎች ያላስተዋሉት ግን የመሣሪያው ክፍሎች እንዳሉ መቀጠላቸውን ነው፤ ቪዲዮውን የሚለውጠው፣ ጉድለቱን የሚፈልገውና ሥራውን የሚያቀናጀው ክፍል እንደተለያዩ ናቸው፤ የተነሣው በመካከላቸው የነበረው ኔትወርክ ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ ኃላፊነት፣ አንድ የመረጃ ጅረት በነበረበት ቦታ የኔትወርክ ድንበር ማቆም ከመነሻው አያስፈልግም ነበር። የአማዞን ገበያ የክፍያ ሥርዓትና የመጋዘን ሥርዓት ግን በዚህ ምክንያት አልተጠቃለሉም፤ አይጠቃለሉምም፤ ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ናቸውና።

ዛሬ «ሞጁላር ሞኖሊት» የሚባለው አሠራር የተስፋፋው በዚህ መረዳት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ሆኖ ይጫናል፤ በውስጡ ግን የክፍያ ክፍል የትእዛዝ ክፍልን ሰንጠረዥ እንዳያነብ፣ አንዱ ሌላውን በተገለጸ ውል ብቻ እንዲጠራ ይደነገጋል፤ ደንቡ ሲጣስ የኮድ መፈተሻው ያስቆማል። ሾፒፋይ የተባለው የካናዳ የኢንተርኔት ገበያ ኩባንያ ግዙፉን ፕሮግራሙን በዚህ መልክ ማደራጀቱ በሰፊው ይታወቃል። ድንበሩ በኮድ ውስጥ ተፈትኖ ከጸና፣ አንድ ክፍል ራሱን የቻለ ቡድን ወይም የተለየ የጭነት መጠን ሲኖረው ነጥሎ ማውጣት አስቸጋሪ አይደለም፤ በኮድ ውስጥ ሊጸና ያልቻለ ድንበር ግን ኔትወርክ ስለተዘረጋበት አይጸናም።

ድንበሩ ሕግ ሲሆን

የአገልግሎት ሐሳብ በሙሉ አቅሙ የታየው ግን በኩባንያ ሳይሆን በመንግሥት ሥራ ነው። 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ኢስቶኒያ ኤክስ-ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት በዲሴምበር 2001 ሥራ አስጀመረች። ሥርዓቱ የዜጎችን መረጃ በአንድ ትልቅ ቋት አይሰበስብም። የሕዝብ መዝገብ፣ የተሽከርካሪ መዝገብ፣ የጤና መድን፣ የግብር መሥሪያ ቤት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መረጃ ይይዛሉ፤ በየደጃቸው «የደኅንነት ሰርቨር» የሚባል መግቢያ አለ፤ ጥያቄና መልሱ ተመስጥሮ፣ በተቋሙ ዲጂታል ፊርማ ተፈርሞ፣ ጊዜው ተመዝግቦ በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም ይሄዳል። ማዕከሉ የአባላቱን ዝርዝርና የመተማመኛ ደንቡን ይይዛል እንጂ መረጃው በእርሱ በኩል አያልፍም። የትኛው ተቋም የትኛውን አገልግሎት እንዲጠይቅ እንደሚፈቀድለት የሚወስነውም የመረጃው ባለቤት ነው። ይህ ከኢኤስቢው ማዕከላዊ አገናኝ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከቴክኒክ በላይ መሆኑ ግልጽ ነው፤ እዚያ ኃላፊነት ወደ መካከል ፈልሶ ባለቤት ሲያጣ፣ እዚህ ከባለቤቱ ደጅ አልተነቀነቀም።

ለዚህ ጽናት የሰጠው ሕጉ ነው። የኢስቶኒያ ሕግ አንድ ዓይነት መረጃ ለመሰብሰብ ሁለተኛ የመንግሥት ዳታቤዝ ማቋቋምን ይከለክላል፤ ስለዚህ አድራሻ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ዜጋውን ደግሞ ከመጠየቅና የራሱን ቅጂ ከማኖር ይልቅ የሕዝብ መዝገቡን ይጠይቃል። ቴክኖሎጂው በበኩሉ ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ሲጀመር ኤክስኤምኤል-አርፒሲ በተባለው የጥሪ ስልት ይሠራ ነበር፣ ቀጥሎ ወደ ሶፕ ተሻገረ፣ በ2019 ደግሞ ሮይ ፊልዲንግ በ2000 በዶክትሬት ጽሑፉ የገለጸውንና ዛሬ በሰፊው የተለመደውን የሬስት ስልት ጨመረ። ሦስት የመገናኛ ትውልድ ባለፈበት ጊዜ ውስጥ የባለቤትነቱ ድልድል እንዳለ ቆየ። ፊንላንድም ሥርዓቱን ተቀብላ፣ ሁለቱ አገሮች በ2017 የጋራ ተቋም አቋቁመው ያበለጽጉት ጀመር፤ አይስላንድ በኋላ ተቀላቅላለች።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ከ2018 ጀምሮ በክፍት ኮድ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ነው፤ ፊሊፒንስና ሞሮኮም በዚሁ ተጠቅመዋል። መድረኩ የምዝገባውን፣ የማጣራቱንና የማንነት ማረጋገጫውን ሥራ በተለያዩ ክፍሎች ያደራጀ ስለሆነ፣ አንድ ባንክ የደንበኛን ማንነት ለማረጋገጥ የመዝገቡን ቅጂ መያዝ ሳያስፈልገው በአገልግሎት በኩል ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለዚህ የሕግ መሠረት ጥሏል። ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊችም በበኩሉ ከላይ በምሳሌነት የታየውን የዝውውር ችግር በአገር ደረጃ የሚያስተናግድ ተቋም ነው።

እንግዲህ መሣሪያው በእጅ አለ። የሚቀረው ሥራ ማንም ሻጭ ይዞት የማይመጣው ነው፤ የአንድ ዜጋ አድራሻ ሲለወጥ ትክክለኛው ቅጂ የማን ነው፣ የንግድ ፈቃድ መሰረዙን መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው፣ የመሬት ይዞታ መረጃ ስሕተት ሲገኝበት የማረም ሥልጣንና ግዴታ የትኛው መሥሪያ ቤት ላይ ያርፋል የሚሉትን ጥያቄዎች ተቋማት ተቀምጠው አንድ በአንድ መመለስና በጽሑፍ መፈራረም ይኖርባቸዋል። ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት አዲስ የሥርዓት ትስስር ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ይህን የባለቤትነት ሰነድ ያዘጋጅ፤ የጨረታ ኮሚቴውም ሰነዱ ሳይቀርብለት የማንንም የቴክኒክ ሐሳብ አይክፈት።